ቪላን 30 ሲገባ 10 እና 20 ለምን ወጡ?

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን እንደገባኝ ልድገመው። ሁለት ሲስኮ ካታሊስት 2960 ስዊች አሉህ፤ አንዱ ምድር ቤት፣ አንዱ ሦስተኛ ፎቅ። በመሃላቸው ባለው ትራንክ፣ ማለትም ብዙ ቪላኖችን (በአንድ ስዊች ላይ የተለያዩ ኔትወርኮችን) በአንድ ኬብል በሚያሳልፈው መስመር፣ የሂሳብ ክፍሉ ቪላን 10 እና የካሜራዎቹ ቪላን 20 በሰላም ሲያልፉ ኖረዋል። ለእንግዳ ዋይፋይ ቪላን 30ን ስትጨምር እሱ ሠራ፣ ሌሎቹ ግን ቀጥ አሉ። የላይኛውን ስዊች ፒንግ ማድረግ እንኳን አቃተህ። ፖርቱ ግን አፕ ነው ይላል።

ስዊቹም ኬብሉም ደህና ናቸው፣ አትግዛ። የጻፍከው «ስዊችፖርት ትራንክ አላውድ ቪላን 30» የሚለውን ነው ብዬ እወራረዳለሁ። ይሄ ኮማንድ 30ን አይጨምርም። የነበረውን ዝርዝር ጠርጎ 30ን ብቻ ያስቀምጣል። ከቁጥሩ በፊት «አድ» ማስገባት ነበረብህ፣ ለማውጣት ደግሞ «ሪሙቭ» ነው። የላይኛው ስዊች የጠፋህም ማኔጅመንት አይፒው (ስዊቹን ከርቀት የምታዝበት አድራሻ) ያለበት ቪላን አብሮ ስለተጠረገ ነው። ሰው የሚሸወደው «ሾው ሲዲፒ ኔበርስ» ሲል ጎረቤቱ ስዊች ስለሚታየው ነው። ሲዲፒ (የሲስኮ መሣሪያዎች እርስ በርስ የሚተዋወቁበት መልእክት) ቪላን 1 ከትራንኩ ቢወጣ እንኳን ማለፉን አያቆምም፣ ስለዚህ እሱን አይተህ ትራንኩ ጤነኛ ነው አትበል።

ኮማንዱን የጻፍከው ምድር ቤቱ ላይ ከሆነ እዚያው ቁጭ ብለህ «አድ 10,20» ብለህ ትመልሳቸዋለህ፣ የማኔጅመንቱንም ቪላን አትርሳ። በኤስኤስኤች፣ ማለትም ከርቀት፣ ላይኛው ላይ ገብተህ ከሆነ ግን ኮንሶል ኬብልህን ይዘህ ደረጃውን መውጣት ነው። ሴቭ ካላደረግከው ሌላ መንገድ አለ፤ ላይ ያለ ሰው ስዊቹን ከሶኬት ነቅሎ መልሶ ይሰካልህ፣ የድሮውን ኮንፊግ ይዞ ይነሳል።

አሁን ዋናው ነገር። ለትራንክ ችግር ሲጠሩኝ መጀመሪያ የምጽፈው «ሾው ኢንተርፌስስ ትራንክ» ነው፣ ሁለቱም ስዊች ላይ። «ሾው ቪላን ብሪፍ» ላይ አትፈልገው፣ ትራንክ የሆነ ፖርት እዚያ አይታይም። የሚመጣልህ ነገር አራት ክፍል አለው፤ ከላይ ወደ ታች አንብበው፣ ቁጥርህ የጠፋበት ክፍል ችግሩ የት እንዳለ ይነግርሃል። የመጀመሪያው ፖርቱ በእርግጥ ትራንክ መሆኑን እና ኔቲቭ ቪላኑን (ከታች እመጣበታለሁ) ያሳያል። ፖርቱ ጭራሽ እዚያ ከሌለ ሁለቱም ጫፍ ዳይናሚክ አውቶ ላይ ቀርተው ይሆናል፤ 2960 ከፋብሪካ የሚመጣው እንደዚያ ነው፣ ሁለቱም ሌላው እስኪጠይቅ ይጠብቃሉ እንጂ ማንም አይጠይቅም። «ስዊችፖርት ሞድ ትራንክ» በል፣ አለቀ። ሁለተኛው የተፈቀዱትን ቪላኖች ያሳያል፤ ያንተ በሽታ ያለው እዚህ ነው። ሦስተኛው ከተፈቀዱት ውስጥ በዚያ ስዊች ላይ በእርግጥ ያሉትን ነው። ይሄኛው ብዙ ሰው ያደክማል፤ ትራንኩ ላይ ፈቅደህ ስዊቹ ላይ «ቪላን 30» ብለህ ካልፈጠርከው አያልፍም። አንድ እንግዳ ማረፊያ ቤት ተጠርቼ ስሄድ ቀደም ብሎ የሠራው ልጅ አክሰስ ፖይንቱን (ዋይፋይ አሰራጩን) ሁለቴ አስቀይሯል፣ የጎደለው ግን መሃል ላይ ባለው ስዊች ቪላኑን መፍጠር ብቻ ነበር። አራተኛው ስፓኒንግ ትሪ (ሉፕ፣ ማለትም ዞሮ የሚገጥም መስመር፣ እንዳይፈጠር መንገድ የሚዘጋው) የሚያሳልፋቸውን ነው፤ ቁጥሩ እስከ ሦስተኛው ደርሶ እዚህ ከጠፋ ሉፕ ፈልግ፣ ወይም ኔቲቭ ቪላኑን አመሳክር።

ኔቲቭ ቪላን ታግ (የቪላን ቁጥር ምልክት) ሳይደረግ የሚያልፈው ነው፣ ካልነካኸው 1 ነው። አንዱ ጫፍ 1 ሌላው 99 ከሆነ ስዊቹ «ሚስማች» እያለ ይጮሃል፣ ሰውም እንደ ማስታወቂያ ያልፈዋል። አትለፈው። የእንግዳ ዋይፋይ ስለሆነ ደግሞ ወደ አክሰስ ፖይንቱ የሚሄደው ፖርትም ትራንክ መሆን አለበት፤ አብዛኛው አክሰስ ፖይንት የራሱን አይፒ ያለ ታግ ነው የሚፈልገው፣ ስለዚህ የዚያ ፖርት ኔቲቭ የማኔጅመንት ቪላንህ ይሁን።

ቪዲዮ ላይ የምታየውን «ኢንካፕስሌሽን ዶት1ኪው» የሚለውን 2960 አይቀበልህም፣ አትደንግጥ፣ እሱ ከዚያ ሌላ የታግ አደራረግ ስለማያውቅ ነው። 3560 እና 3750 ላይ ግን ከ«ሞድ ትራንክ» በፊት ይጠየቃል።

ያገለገለ ስዊች ከሆነ የምትጨምረው፣ ከመሰካትህ በፊት ቪቲፒውን (የቪላን ዝርዝርን ከስዊች ወደ ስዊች የሚያሰራጨውን) ትራንስፓረንት አድርገው። ዶሜይኑ ከአንተው ጋር ገጥሞ የሪቪዥን ቁጥሩ (የዝርዝሩን ለውጦች የሚቆጥረው) ከበለጠ የአንተን ቪላኖች በሙሉ በራሱ ይተካቸዋል።

ሌላው መብራት ነው። ቪቲፒ ሰርቨር ሞድ ላይ ያለ ስዊች ቪላኖቹን ፍላሽ ላይ ወዲያው ይጽፋል፣ የፖርት ኮንፊጉን ግን «ራይት ሜሞሪ» ካላልክ አይጽፍም። ስለዚህ መብራት ሄዶ ሲመለስ ቪላን 30 አለ፣ ትራንኩ ላይ ግን የለም፣ አንተም «ማን ነካው» እያልክ ስትዞር ትውላለህ።

ርቀት ላይ ያለ ስዊች ትራንክ ስትነካ ደግሞ መጀመሪያ ሴቭ አድርግ፣ ከዚያ «ሪሎድ ኢን 10» በል፣ ከዚያ ለውጥህን አስገባ። ራስህን ከቆለፍክ በ10 ደቂቃ ተነስቶ ወደ ድሮው ይመለሳል። ከሠራ «ሪሎድ ካንስል» ብለህ እንደገና ሴቭ። ካንስሉን እንዳትረሳ ብቻ፣ ሂሳብ ክፍሎቹ ደሞዝ እየሠሩ ሊሆን ይችላል።

10 እና 20ን መልሰህ እምቢ ካለህ የ«ሾው ኢንተርፌስስ ትራንክ»ን ውጤት ከሁለቱም ስዊች ገልብጠህ ላክልን፣ በፎቶ ሳይሆን በጽሑፍ።