ኳየር (በኅብረት የሚዘፍን ቡድን) እና ትራንስ ሰዎች፦ ጥያቄዎቻችሁን ልመልስ

ኳየር እመራለሁ። ከምመራቸው ዘፋኞች ብዙዎቹ ትራንስጀንደር፣ ባጭሩ ትራንስ ናቸው፤ ሲወለዱ የተሰጣቸው ጾታ ራሳቸውን ከሚያውቁበት ጾታ ጋር አይገጥምም። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ እናንተም አላሳፈራችሁኝም። እንደመጣልኝ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የራሴን ድምፅ መስማት እጠላለሁ። ሰው ፊት ማውራት እንኳ ይከብደኛል። እንዴት ነው የምዘፍነው?

መልስ፦ ይሄን ያልጠየቀኝ የለም። ብቻችሁን ስታወሩ ሰሚው ወዲያው ወንድ ነው ሴት ናት እያለ ይገምታል፣ እናንተም ግምቱን እየጠበቃችሁ ትሳቀቃላችሁ። ኳየር ውስጥ ያ የለም። የሚሰማው የሁሉም ድምፅ ተደባልቆ ነው፣ የናንተን ለይቶ የሚያወጣ ጆሮ የለም። መጀመሪያ ሰሞን ከንፈር ብቻ የሚያንቀሳቅሱ አሉ፣ እኔም አይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ። ከዚያ ጎናቸው ያለው ሰው ኖታውን ጥርት አድርጎ ሲይዘው እነሱም ሳያስቡት ይከተሉታል፣ ድምፃቸውም ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ዝም ማሰኘቱ ነው ሥራው! ለኔ ትልቁ ደስታ እዚህ ጋ ነው። ሲጠሉት የኖሩት ድምፅ የቀረ ቀን ዘፈኑ እንደሚጎድል ያውቁታል።

ጥያቄ፦ ትራንስ ሴት ነኝ፣ ስወለድ ወንድ ነው የተባልኩት። ሆርሞን ከጀመርኩ ቆየሁ፣ ድምፄ ግን ያው ነው። ባስ ውስጥ፣ ከሁሉ ወፍራሙ የድምፅ ክፍል፣ ከወንዶች ጋር ልቆም ነው?

መልስ፦ ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ድምፅ አያቀጥንም። በጉርምስና የወፈረ የድምፅ ጅማት በሆርሞን ተመልሶ አይቀጥንም፣ ስለዚህ መድኃኒቱ አልሠራልኝም ብለሽ አትጨነቂ። በልምምድ ከፍ ብሎ መዝፈን ይቻላል፣ ጊዜ ግን ይፈልጋል። ባስ ደስ ካለሽ ደግሞ ባስ ሁኚ፣ ማንን ፈርተሽ? የኦፔራ ዘፋኟ ሉቺያ ሉካስ ትራንስ ሴት ናት፣ ድምፅዋ ባሪቶን ነው፣ ከባስ ትንሽ ከፍ ያለ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ተልሳ ኦፔራ «ዶን ጆቫኒ» በተባለው የሞዛርት ኦፔራ ዋናውን ሚና ዘፍናለች።

ጥያቄ፦ ትራንስ ወንድ ነኝ፣ ቴስቶስትሮን የሚባለውን የወንድ ሆርሞን ልጀምር ነው። ሶፕራኖ (ከሁሉ ቀጭኑ ድምፅ) ነበርኩ፣ ድምፄን አጣዋለሁ?

መልስ፦ ያንን ከፍ ያለውን አዎ፣ አልዋሽህም። ጅማቱ ይወፍራል፣ መድኃኒቱን ብታቆምም አይመለስም። ለውጡ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይጀምርና እስኪረጋ ዓመትም ከዚያ በላይም ይወስዳል። እስከዚያ ድምፅህ ይሰነጠቃል፣ ትናንት የወጣው ኖታ ዛሬ እምቢ ይላል። አታስገድደው፣ ጉሮሮህን ካመመህ አቁም። ኳየር ለዚህ ይመቻል፤ ሶፕራኖው ሲከብድህ ዝቅ ወዳሉት ክፍሎች፣ መጀመሪያ አልቶ ከዚያ ቴነር ትሄዳለህ፣ ማንም ጉዳዬ አይልም። የመጀመሪያዋ ወፍራም ኖታ የወጣች ቀን የሰውዬውን ፊት ብታየው!

ጥያቄ፦ ባይንደር (ደረት የሚያስተኛ ጠባብ ልብስ) አድርጌ ብዘፍንስ?

መልስ፦ ጠበቅ ያለ ከሆነ አይሆንም። ጎድን ካልሰፋ ትንፋሽ አይገባም። ለልምምድ ላላ ያለ ነገር ልበሱ፣ ካዞራችሁ ቁጭ በሉ።

ጥያቄ፦ አብሮ የመዝፈን ደስታው ሳይንስ አለው ወይስ ስሜት ብቻ ነው?

መልስ፦ አለው። በ2013 እ.ኤ.አ. የስዊድን ጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት አብረው የሚዘፍኑ ሰዎች የልብ ምት አብሮ ይፈጥናል፣ አብሮ ይዘገያል፤ አተነፋፈሳቸው አንድ ስለሚሆን ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ የእንግሊዝ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዘፈን ክፍል የገቡ ሰዎች የእጅ ሥራና የጽሑፍ ክፍል ከገቡት ቀድመው እንደሚቀራረቡ አገኙ። በመጨረሻ ሌሎቹም ደርሰውባቸዋል፣ ዘፈን የሚበልጠው በፍጥነቱ ነው። ጥናቶቹ በተለይ ስለ ትራንስ ሰዎች አይደሉም። ግን አዲስ ሰው ሲያገኝ ስለ ራሱ ማስረዳት ለሰለቸው ሰው፣ ምንም ሳያስረዱ መቀራረብ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ የትራንስ ሰዎች ብቻ የሆነ ኳየር አለ?

መልስ፦ አለ። አሜሪካ ውስጥ የሎስ አንጀለሱ ትራንስ ኮረስ በ2015 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ፤ ከዚያ በፊትም በ2001 እ.ኤ.አ. የሳን ፍራንሲስኮው ትራንሴንደንስ የጎስፔል (የመንፈሳዊ መዝሙር) ኳየር ተመሥርቶ ነበር።

ጥያቄ፦ እኔም ኳየር እመራለሁ። ምን ልቀይር?

መልስ፦ «ወንዶች ጀምሩ» ማለቱ ይቅር፣ «ባሶች ጀምሩ» ይበሉ። የመድረክ ልብሱን ለሁሉም አንድ ዓይነት ያድርጉት። የድምፅ ክፍል መቀየር የፈለገ ይቀይር፣ ሰውንም ጥሩኝ ባለው ስም ይጥሩት። ለዚህ ስብሰባ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ኖታ ማንበብ አልችልም።

መልስ፦ ብዙው ሰው አይችልም። በጆሮ ይያዛል፣ ኑ።