ዘይቱ ለወለሉ፣ ማበጠሪያው ለውሻው፣ ድመቷን ግን ተያት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ከነመልሶቹ አነበብኩት። የተከራየሽው ቤት ሰው ሳይገባበት ቆይቶ ነበር፤ እቃችሁን ሳትፈቱ ቁንጫ ወረራችሁ። ውሻና ድመት አሉሽ፣ መዳህ የጀመረች የ8 ወር ልጅ አለችሽ፣ ፍሊት መንፋት ደግሞ አስፈርቶሻል። «የባህር ዛፍና የኒም ዘይት ደባልቄ ቤቱንም እንስሳቱንም ብረጭስ?» ነው ያልሽው። ከሥር አንዱ ወንድማችን «ቲ ትሪ ኦይልም ጨምሪበት፣ ከተክል የተሠራ ነገር ማንንም አይጎዳም» ብሎሻል (ቲ ትሪ ከአውስትራሊያ ዛፍ ቅጠል የሚወጣ ዘይት ነው)። ከእሱ ልጀምር። ሌላው ቢዘገይ ችግር የለውም፤ ይሄ ግን ድመትሽን ሊገድልብሽ ይችላል።

እኛም ውሾችም በእነዚህ ዘይቶች ውስጥ ያሉትን ፌኖል የሚባሉ ኬሚካሎችና መሰል ነገሮች ጉበታችን አጣርቶ ያስወጣልናል። የድመት ጉበት ይህን የሚሠራው ኤንዛይም በጣም ያንሰዋል፤ ስለዚህ የገባው ነገር ሳይወጣ ይቆያል። በዚያ ላይ ድመት ስትላስ ነው የምትውለው፤ ፀጉሯ ላይ የረጨሽው ሁሉ ሆዷ ይገባል ማለት ነው። ቲ ትሪ፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ፔፐርሚንት፣ የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ ዘይት፣ ባህር ዛፍም ራሱ፣ አንዱም ለድመት አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ በወጣ አንድ ጥናት ላይ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ባልተበረዘ ቲ ትሪ ኦይል የተመረዙ 443 ውሾችና ድመቶች ተመዝግበዋል። አብዛኞቹን ባለቤቶቻቸው አውቀው፣ ለመልካም ብለው የቀቧቸው ናቸው።

እኔ ራሴ የጎረቤት ድመት እንዲህ ሆና አይቻለሁ። ጠዋት ማጅራቷን ቀቧት፣ ማታ ምራቋ እየተዝረበረበ የኋላ እግሮቿ አልታዘዝ አሏት። ሁልጊዜ የምትዘልበት የመስኮት ደፍ ሥር ቆማ ወደ ላይ ታያለች፣ ትሞክራለች፣ በጎኗ ትወድቃለች። በሳህን ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ደጋግመን አጥበን፣ ጠርሙሱን ይዘን ሐኪም ጋ ወሰድናት፤ ተረፈች። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠመሽ ያደረግነውን አድርጊ፤ ለማስታወክ ብለሽ ግን ወተትም ዘይትም አትጋቻት።

«ከተክል ነው» የሚለው ነገር ደግሞ በጣም ያናድደኛል። ትምባሆም ተክል ነው፤ አገር ቤት ለከብት መዥገር ቅጠሉን ዘፍዝፈው ይቀባሉ፣ ኒኮቲኑ ግን በቆዳ ገብቶ ትንሽ እንስሳ ይገድላል። ፓይረትረም የሚባለው ፀረ ተባይ ከአበባ ነው የሚወጣው፤ እሱን አስመስለው የሠሩት ፐርሜትሪን ለውሻ በጠብታ ይሸጣል፣ ድመት ላይ ካረፈ ግን አንቀጥቅጦ ይጥላታል። መርዝነቱ በመጠኑና በሚያርፍበት አካል ነው የሚወሰነው፣ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ቁንጫው። መጀመሪያ ቁንጫ መሆኑን አረጋግጪ። ንክሻው ቁርጭምጭሚትና ባት ላይ ከበዛ ቁንጫ ነው። ጠዋት ስትነሺ ክንድና አንገት ላይ ተደርድሮ ካገኘሽው፣ የፍራሹ ስፌት ላይም ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ትኋን ነው፤ እሱ ሌላ ጦርነት ነው። ለማረጋገጥ ውሻውን ጥርሱ በጠበበ የቅማል ማበጠሪያ ከጅራቱ ሥር አበጥሪውና የወጣውን ጥቁር ብናኝ እርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ አራግፊው። አፈር ከሆነ አፈር ሆኖ ይቀራል። የቁንጫ ኩስ ከሆነ ግን በደቂቃ ውስጥ ዙሪያው ቀይ ቡናማ ቀለም ይዘረጋል፤ የተፈጨ ደም ነዋ።

እንስሳው ላይ የምታያቸው ቁንጫዎች በቤቱ ካለው ጠቅላላ ቁጥር 5 ከመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። እንስቷ በቀን እስከ 40 እና 50 እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉ ፀጉር ላይ አይጣበቅም፣ ውሻው በተኛበትና በተራገፈበት ሁሉ ይረግፋል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ፣ ትንሽ ትል የሚመስለው፣ ብርሃን ይሸሻል፤ የጣውላ ስንጥቅ፣ ምንጣፍ ሥር፣ የሶፋ እጥፋት ውስጥ ይገባል። ከዚያ እንደ ሐር ትል ድር ፈትሎ ይሸፈናል፤ በዚህ ጊዜ የእኔና የአንቺ ዘይት ይቅርና የተመሰከረለት ኬሚካልም አይደርስበትም። እንደተሸፈነ ወራት መቆየት ይችላል፤ የሚቀሰቅሰው እርምጃ፣ ሙቀትና ትንፋሽ ነው። ባዶ የቆየ ቤት ሰው ሲገባበት ቁንጫ የሚፈላው ለዚህ ነው። አከራይሽ «እኛ ስንኖር አልነበረም» ካለሽ እውነቱን ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ዋናው ሥራ ወለሉ ላይ ነው፣ ከዘይቱም በፊት መጥረጊያው ነው። ቫኪዩም ከተገኘ ተዋሺ፤ ንዝረቱ የተሸፈኑትን ስለሚያስወጣቸው እጥፍ ጥቅም አለው። ካልተገኘ የጣውላውን ስንጥቅ በቀጭን ብሩሽ እያወጣሽ ጥረጊ፤ ጥራጊውን በፌስታል ቋጥረሽ ከግቢ አስወጪ፣ እቤት ቅርጫት ውስጥ አይደር። የውሻው ምንጣፍ፣ አንሶላ፣ የልጅቷ ብርድ ልብስ፣ የሚታጠበው ሁሉ በየሳምንቱ በፈላ ውሃ። የማይታጠበውን ፀሐይ ላይ አስጪ፤ ከ35 ዲግሪ በላይ ሙቀትና ደረቅ አየር እጩን ይገድለዋል። የክረምት ዝናብ ከሆነ ግን በፀሐዩ አትተማመኚ።

ዘይቱ እዚህ ላይ ነው የሚገባው፣ ግን ከእሱ የምትጠብቂው ልክ ይኑረው። የነካውን የጎለመሰ ቁንጫ ሊገድል ይችላል፣ ያልነካውን በጠረኑ ለሰዓታት ያሸሻል፤ ከዚያ ጉልበቱ ያበቃል። እንቁላሉንና የተሸፈነውን አይነካም። ቤቱን አንድ ጊዜ ረጭተሽ ብትገላገይ ደስ ባለኝ፤ በየሳምንቱ ከጠረግሽ በኋላ ስንጥቁን፣ የግድግዳውን ሥር፣ የአልጋውን ሥርና ደጁን ነው የምትረጪው።

አረጫጨቱ ይኸው፦ ለ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ 5 ሚሊ ሊትር፣ የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው፣ የኒም ዘይትና የዚያ ግማሽ ፈሳሽ ሳሙና። ሳሙናውን መጀመሪያ ከዘይቱ ጋር ነጭ እስኪሆን ምቺው፣ ከዚያ ውሃውን ቀስ እያልሽ ጨምሪ። ቀጥታ ውሃ ላይ ካፈሰስሽው ዘይቱ ይንሳፈፋል፤ መጀመሪያ የምትረጪው ባዶ ውሃ፣ መጨረሻ ላይ ንጹህ ዘይት ይሆናል። የኒም ዘይት በአዲስ አበባ ብርድ ረግቶ ቅቤ ሊመስልሽ ይችላል፣ አልተበላሸም፤ ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ አቁሚው። የበጠበጥሽውን የዚያኑ ቀን ጨርሺ፣ ለነገ አይሆንም። ኒም ቶሎ ገዳይ ሳይሆን የእጩን እድገት የሚያውክ ነው፣ ታግሠሽ ነው የምታይው። ድሬዳዋ የኖረ ሰው ዛፉን ያውቀዋል፣ ጎዳናው ሁሉ እሱ ነው፤ ግን የምትፈልጊው ከፍሬው የተጨመቀውን እንጂ ቅጠል የነከሩበትን የምግብ ዘይት አይደለም።

የባህር ዛፍን ነገር ሰዎች ያደበላልቁታል። ግቢያችን ያለው ነጭ ባህር ዛፍ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው፣ ዘይቱ በአብዛኛው ሲኒዮል የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ጉንፋን ሲይዘን የምንታጠነው ማለት ነው። በውጭ አገር ለትንኝ መከላከያ ተመስክሮለት የሚሸጠው ግን ከሽቶ ባህር ዛፍ፣ ያ ሎሚ ሎሚ ከሚሸተው፣ ዘይት ተነሥቶ በፋብሪካ የሚዘጋጅ ነው። እሱም ቢሆን ከ3 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይፈቀድም። ቅጠሉን ቀቅለሽ ውሃውን ስለመርጨት ለጻፉልሽ ደግሞ፦ ክፍት ድስት ላይ ሲፈላ ቤቱን የሚሞላው ሽታ ዘይቱ ራሱ እየበረረ ነው። ወንዶ ገነት ምርምር ማዕከል እንደሚያደርጉት እንፋሎቱን ይዘሽ ካላቀዘቀዝሽው የቀረሽ ቡናማ ውሃ ነው። ቅጠሉን መጎዝጎዝ ለጥቂት ሰዓት ያሸሽ ይሆናል፤ ማጨሱን ግን የ8 ወር ሳንባ ያለበት ቤት ውስጥ አልመክርም።

ዘይቱን ስትገዢ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ አድርገሽ እስከ ማግስቱ ተዪው። ንጹሁ የባህር ዛፍ ዘይት ተንኖ ወረቀቱ እንደነበረ ይሆናል ማለት ይቻላል፤ የቅባት ክብ ከተረፈ በሌላ ዘይት የተበረዘ ነው። ኒም በዚህ አይፈተንም፣ እሱ የሚጨመቅ ስለሆነ ክብ ይተዋል።

ድመት ቤት ውስጥ የምታድር ከሆነ ባህር ዛፉን ለደጅና ለውሻው ቤት ዙሪያ ተዪው፣ ውስጡን በኒም ብቻ፣ እሱንም ደርቆ እስኪናፈስ እሷን አስወጥተሽ። ልጅቷ የምትድህበትን ወለል ግን ምንም ዘይት አታስነኪው፤ እዚያ የፈላ ውሃና ሳሙና ይበቃል። ሕፃናት የኒም ዘይት ተግተው በጽኑ ታመዋል፤ የባህር ዛፍ ዘይትም ጥቂት ሚሊ ሊትር ተውጦ ልጅ አንቀጥቅጧል። ጠርሙሶቹ ከቁልፍ ኋላ ይቀመጡ። ከሰል የተቀጣጠለበት ክፍል ውስጥም አትርጪ፣ ይነዳል።

ውሻውን በተራ ሳሙና እጠቢው፤ ሳሙና ራሱ ቁንጫ ያሰጥማል። ከአንገቱ ጀምሪ፣ አረፋውን እንደ አንገትጌ ካላደረግሽበት ሁሉም ወደ ፊቱና ወደ ጆሮው ይሸሻሉ። ለድመቷ ማበጠሪያው ብቻ፤ ያወጣሻቸውን ሳሙና ውሃ ውስጥ አራግፊ፣ በጥፍር ለመጨፍለቅ አትታገዪ፣ ያመልጡሻል። ሁለቱም በየቀኑ ተበጥረው አሁንም ብናኙ ከወጣ፣ የእንስሳት ሐኪም ጋ ሄደሽ በክብደታቸው የተለካ መድኃኒት ጠይቂ። ኬሚካል አልፈልግም ማለትሽ ገብቶኛል፤ ነገር ግን ማጅራት ላይ በልኩ የሚንጠባጠብ ለድመት የተሠራ ፊፕሮኒል የሚባል የቁንጫ መድኃኒት፣ ቤት ውስጥ በግምት ከተበጠበጠ ዘይት ይልቅ ለእሷም ለልጅሽም የሚያስተማምን ነው። የውሻውን ለድመቷ እንዳታካፍዪ። የከብት መዥገር መድኃኒት፣ ከእርሻ መድኃኒት መደብር የመጣ ማላታይን፣ ነጭ ጋዝ፣ እነዚህን የመከሩሽን አትስሚ።

ትኋን ሆኖ ከተገኘ ለዘይት ገንዘብ አታውጪ። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ባለው ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች 11 «ተፈጥሯዊ» የሚባሉ የትኋን መርጫዎችን ሞክረው 90 ከመቶ በላይ የገደሉት 2 ብቻ ነበሩ፤ ያም ትኋኑ ላይ በቀጥታ ሲረጭ ነው። ትኋን በሙቀት ነው የሚሞተው፤ የፈላ ውሃ አልጋው ብረት ከሆነ በየመገጣጠሚያው አፍስሺ፣ ልብሱን ቀቅይ።

መቀነሱን የምታውቂበት ቀላል ነገር አለ። ማታ መብራት አጥፍታችሁ ስትተኙ፣ ልጅቷ የማትደርስበት ክፍል ወለል ላይ ጠፍጣፋ ሳህን ውስጥ ሳሙና ያለበት ውሃ አድርጊና ከላዩ ትንሽ መብራት አብሪበት። ቁንጫ ወደ ብርሃኑና ወደ ሙቀቱ ይዘላል፣ ጠዋት ሰጥሞ ታገኚዋለሽ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከበዛ አትደንግጪ፣ የተሸፈኑት እየፈለቁ ነው፤ ማጽዳትሽን ካላቋረጥሽ ይቀንሳል። ከሁለት ወር በኋላም ካልቀነሰ ግን ምንጩ ውጭ ነው፤ ኮርኒስ ውስጥ የምትወልድ የሰፈር ድመት ወይም ከአጥሩ ማዶ ያለ ውሻ ካለ እዩ፣ ከጎረቤት ጋር በአንድ ቀን ካልጸዳ ያንቺ ብቻ አይበቃም።