የሮማ ነገሥታት ሳንቲሞች፦ ጠይቁኝ

የሮማን ቄሣሮች ሳንቲም ስለመሰብሰብ የምትጠይቁ ወዲህ በሉ፤ የቻልኩትን እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ይሄ ነገር የሀብታም ጨዋታ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ በፍጹም። ሳንቲም ስላረጀ ብቻ አይወደድም። በቆስጠንጢኖስና በልጆቹ ዘመን የነሐስ ሳንቲም እንደ ጉድ ታትሟል። አውሮፓ ውስጥ ዛሬም በጥቂት ዩሮ ይገኛል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ብርቅ የሚያሰኘው ምንድን ነው?

መልስ፦ አንዱ የንግሥና ማጠር ነው። በ193 የነገሠው ፔርቲናክስ ሦስት ወር እንኳ አልሞላም፣ ተተኪው ዲዲየስ ዩልያኖስ ደግሞ ሁለት ወር ገደማ ቢቆይ ነው። ሁለቱም ግን ሳንቲም አሳትመዋል፤ ዙፋን ላይ የወጣ ሁሉ መልኩን በሕዝቡ እጅ ለማስገባት ይቸኩላልና።

እኔን የሚገርመኝ ግን የዶሚቲያኖስ ታሪክ ነው (የታወቀው ዶሚቲያን ሌላ ነው)። ይሄኛው በ271 ገደማ በጋውል ምድር (በዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ) አመፀ። በ1900 ፈረንሳይ ውስጥ የእሱ መልክ ያለበት አንድ ሳንቲም ሲገኝ ብዙ ሊቃውንት «ፎርጅድ ነው» ብለው ተዉት። በ2003 ኦክስፎርድ አጠገብ ቻልግሮቭ ላይ ማሰሮ ሙሉ ሳንቲም ተቆፍሮ ወጣ፤ ወደ 5,000 ይጠጋል። ተጣብቆ የነበረው አንድ በአንድ ሲላቀቅ ሁለተኛው ዶሚቲያኖስ ብቅ አለ። ያውም ከፈረንሳዩ ጋር ከአንድ ማኅተም (ሳንቲሙ ከሚመታበት ቅርጽ) የወጣ! የመጀመሪያውም ያኔ ከሐሜት ዳነ።

ጥያቄ፦ በሚሊዮኖች የተሸጠው የብሩቱስ ወርቅስ?

መልስ፦ ብሩቱስ የዩልዮስ ቄሣር ገዳይ እንጂ ራሱ ቄሣር አይደለም፤ ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። ሁለት ጩቤ የተቀረጸበት ያ ወርቅ በ2020 ለንደን ውስጥ ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጣበት። ኋላ የባለቤትነት ታሪኩ ሐሰት ሆኖ ተገኘና በ2023 ለግሪክ ተመለሰ። ስለዚህ ወንድሜ፣ ሳንቲሙን ከማየትህ በፊት ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተላለፈ የሚያሳየውን ወረቀት ጠይቅ። ወረቀት የሌለውን ብርቅዬ እኔ በነፃ ቢሰጡኝም አልወስድም።

ጥያቄ፦ ፎርጅዱን በምን ልለይ?

መልስ፦ በሚዛንና በጠርዙ ጀምር። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ከሆነ ጠርዙ ላይ የመጋጠሚያ መስመር፣ ፊቱ ላይ የአየር ቀዳዳዎች ይታያሉ። በማኅተም ተመትቶ የተሠራው ግን ያስቸግራል፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ጀርመናዊው ቤከር ማኅተሙን ራሱ እየቀረጸ ስንቱን አዋቂ አታሏል። ውስጡ መዳብ ሆኖ ብር የተለበጠ ካጋጠመህ ግን አትጣለው፤ ራሳቸው ሮማውያን ያጭበረበሩበት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ በሎሚ ላጽዳው?

መልስ፦ ኧረ ተው! አትንካው።

ጥያቄ፦ አክሱም ጋ ደርሷል?

መልስ፦ ደርሷል። ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ባለችው ጥንታዊ የአክሱም ዘመን ከተማ መጠራ ላይ የሮማ ወርቅ ተገኝቷል። የመን ውስጥ አል-ማድሃሪባ ከተገኘው ክምችት ደግሞ 868ቱ የአክሱም፣ 326ቱ የሮማ ወርቅ ነው። አገር ቤት ስትቆፍር ካገኘህ ግን ቅርስ ነው፤ ለሚመለከተው አካል አስረክብ።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ የትኛውን ይመክራሉ?

መልስ፦ የጎርዲያኖስ ሣልሳዊን የብር ሳንቲም። ብዙ ስለታተመ ዋጋው አያስደነግጥም፣ ጽሑፉም ጎልቶ ይነበባል።