ለማታውቃቸው ሰዎች ጌም ማስተር ስትሆን

ሰላም ወንድሜ። «ለጓደኞቼ የሚና ጨዋታ ስመራ ደስ ይላል፤ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ግን አንዱ ወሬውን ጠቅልሎ ይይዘዋል፣ ሌላዋ ዝም ትላለች፣ ምን ላድርግ?» ብለሃል። በሚና ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕሪ ይሆናል፣ ጌም ማስተሩ ደግሞ ታሪኩን ይመራል። እኔም ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ብዙ ተጫውቻለሁ።

እንደ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ያለ የሚና ጨዋታ ሕጉ ብዙ ነው፤ እሱ ግን ይጠናል። የሚከብደው ሁሉም የየራሱን ጨዋታ አስቦ መምጣቱ ነው። አንዱ ጭራቅ ሊገድል መጥቷል። ሌላዋ ገጸ ባሕሪዋን ሆና ማውራት ትፈልጋለች። ሦስተኛው ዳይስ ነክቶ የማያውቅ ጀማሪ ነው። ጓደኛሞች ይሄን ሳይነጋገሩ ይግባባሉ፤ እንግዶች ግን አይችሉም።

ስለዚህ ሳትጀምር ተናገር። «ታሪኩ አስፈሪ ነው፣ ውጊያው ትንሽ ነው፣ እርስ በርስ መገዳደል የለም» በላቸው። ጆን ስታቭሮፖሎስ ያመጣውን የኤክስ ካርድም (X የተጻፈበት ካርድ ነው) ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥ። ያልተመቸው ሰው ካርዱን ይነካል፣ ያ ነገር ከታሪኩ ይወጣል። ለምን ተብሎ አይጠየቅም። በተለይ ከእንግዶች ጋር ይሄን በጣም እወደዋለሁ፤ ማን ምን እንዳሳለፈ አታውቅማ።

ገጸ ባሕሪያቱን አዘጋጅተህ ሂድ። ጀማሪ ከባዶ ሲፈጥር ጊዜው እዚያው ያልቃል። አብረው የሚሆኑበትንም ምክንያት አስቀድመህ ጻፍላቸው፤ የአንድ መርከብ ሠራተኞች ወይም እህትማማቾች ይሁኑ። አለበለዚያ «እኔ ለምን ከነሱ ጋር እሄዳለሁ?» የሚል አይጠፋም።

ወሬ የሚያበዛውን በሰው ፊት አትጎሽመው። ብዙ ጊዜ ጨዋታውን ስለወደደው ነው። «ያዛት፣ እመለስበታለሁ» በለውና ወደ ዝምተኛዋ ዙር። እሷን ደግሞ «ምን ታደርጊያለሽ?» ብለህ ባዶ ሜዳ ላይ አትተዋት። «በሩ እየተሰበረ ነው፤ ትደግፊዋለሽ ወይስ በመስኮት ትወጫለሽ?» በላት። ቀላል ምርጫ አፍ ያስከፍታል። ማዳመጥ ብቻ የሚያስደስታቸውም አሉ፤ ፈገግ እያለች የምትከታተል ከሆነ አታስጨንቃት።

በጨዋታው ሕግ ክርክር ከተነሳ ወስንና ቀጥል፤ የሕጉን መጽሐፍ በኋላ ታያላችሁ። ሰው የሚሰድብ ካለ ግን ጨዋታውን አቁም። ለብቻው አነጋግረው። ካልተመለሰ ያሰናብቱት ዘንድ አዘጋጆቹን ጥራ፤ አዘጋጁ አንተ ከሆንክ ራስህ አሰናብተው።

የምትጫወቱት በአካል ነው በኢንተርኔት? በኢንተርኔት ከሆነ ድምፅ ስለሚደራረብ፣ የማን ተራ እንደሆነ ሁሌም በስም ጥራ።