መንግሥት ቡና ላኪን በምን ይደግፋል? ለጠየቅከው

ሰላም ወንድሜ። «ከእህቴ ጋር ቡና ወደ ውጭ መላክ ልንጀምር ነው፤ መንግሥት ላኪን ይደግፋል ሲባል በተግባር ምን ማለት ነው?» ብለሃል። ላኪ ድርጅት ውስጥ ኮንትራትና ሰነድ ላይ ዓመታት ስለሠራሁ ያየሁትን ልንገርህ። ኤግዚቢሽኑን፣ የታክስ ማበረታቻውን፣ የሽልማት ዋንጫውን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ የዶላሩን መመሪያ አንብብ፤ ትርፍህን የሚወስነው እሱ ነው።

እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ ተመኑን የሚቆርጠው ብሔራዊ ባንክ ነበር። በመጨረሻ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ሲሆን በጥቁር ገበያ እጥፍ ያህል ይሸጥ ነበር። አስመጪው የባንክ ወረፋ ይዞ ወራት ደጅ ይጠና ነበር። ላኪ ግን ካመጣው ዶላር ከፊሉን በሂሳቡ አስቀምጦ ዕቃ ማስገባት ይፈቀድለት ነበር። ስለዚህ ብዙዎች ቡና ውስጥ የገቡት ዶላሩን ብለው ነው። እዚህ ፈረሱላውን (17 ኪሎ ገደማ) አስወድደው ይገዙ፣ ውጭ በኪሳራ ይሸጡ፣ ጉድለቱን በሚያስገቡት ጎማና ብረት ይሞሉ ነበር። ሌላ ንግድ የሌለው ላኪ ከእነሱ ጋር እንዴት ይወዳደር? ገዢው «ሌላው ቀንሶ አቀረበልን» ብሎ ሲጽፍልን መልስ አልነበረንም።

ይህን ለመግታት ቡናና ሻይ ባለሥልጣን ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋ ያወጣል፤ ከዚያ በታች የተፈረመ ኮንትራት አይመዘገብም። ሐሳቡ ትክክል ነው፣ በርካሽ የሚያራግፈውን ይይዛል። ችግሩ የዓለም የቡና ዋጋ የሚወጣበት የኒው ዮርክ ገበያ ወርዶ የእኛ ዝቅተኛ ዋጋ ሳይወርድ ሲቆይ ነው። ያኔ ገዢህ ወደ ሆንዱራስ ይዞራል፣ ቡናህ መጋዘን ተቀምጦ የባንክ ወለድ ይቆጥራል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመኑ ለገበያ ተለቀቀ፤ በወራት ውስጥ ዶላር ከ100 ብር አለፈ። ላኪው የገቢውን ግማሽ እንዲይዝ ተፈቀደ፣ ለብሔራዊ ባንክ ማስረከቡም ቀረ። (መቶኛውን ከእኔ አትያዝ፣ መመሪያው ቶሎ ቶሎ ስለሚለወጥ ባንክህን ጠይቅ።) ለዶላር ሲል ቡና በኪሳራ የመሸጡ ምክንያት ተዳከመ። ግን «ብር ሲወርድ ላኪ ያተርፋል» የሚሉህን ግማሹን ብቻ እመን። ዜናውን ገበሬውም አቅራቢውም ይሰማል፣ የእሸትና የጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ዋጋ ወዲያው ይከተላል፤ ያንኑ ኮንቴይነር ለመሙላት የምትበደረው ብር ያድጋል። ከዚህ ሥራ ጀማሪውን የሚያስወጣው አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ማስኬጃ ብር ማጣት ነው።

ለጀማሪ የጠቀመው ሌላው ለውጥ የግብይት መንገዱ ነው። ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ቡናው በዚያ በኩል እንዲያልፍ ሲደረግ ክፍያው አስተማማኝ ሆነ፣ ነገር ግን ቡናው ከማን ማሳ እንደመጣ ጠፋ። አሁን በትስስር ገበያ ከአቅራቢው ጋር በቀጥታ መዋዋል ትችላለህ። ስፔሻሊቲ ቡና (በጥራቱና በመነሻ ቦታው ተለይቶ የሚሸጥ) ልትሸጥ ካሰብክ ያለዚህ አይሆንም።

መንግሥት ጥሩ ሠራ የምለው የንግድ ምልክቱን ጉዳይ ነው። ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ ለማስመዝገብ ማመልከቻ አስገባ፣ ስታርባክስ ተቃወመ ተብሎ ብዙ ከተባለ በኋላ በ1999 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ስምምነት ተፈረመ። አንድ ላኪ ብቻውን ይህን ሊያደርገው አይችልም።

አንድ ያልጠየቅከው ነገር አለ፦ የገዢው አገር መንግሥትም ንግድህ ውስጥ አለ። ከአጎዋ (አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ዕቃ ከሰጠችው የቀረጥ ነፃ ዕድል) መውጣታችን በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ሐዋሳ ያሉትን ልብስ ሰፊዎች ጎዳ፤ ጥሬ ቡና ግን አሜሪካ ሲገባ ከድሮም ቀረጥ ስላልነበረበት እኛን አልነካንም። በ2017 ዓ.ም. አሜሪካ የጣለችው 10% ታሪፍ ግን ነካን፤ ኅዳር 2018 ዓ.ም. ላይ ቡና ከዝርዝሩ ተነሣ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 (እ.አ.አ.) ወዲህ ደን ተመንጥሮበት በተተከለ መሬት የበቀለ ቡና አይግባ ብሏል፣ የማሳውን መገኛ ነጥብም (በጂፒኤስ የተለካ) ይጠይቃል። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ቢራዘምም የጀርመን ገዢዎች አስቀድመው መጠየቅ ጀምረዋል። ከ4 ሄክታር በታች ላለ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፣ የእኛ ገበሬ ደግሞ አብዛኛው ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ ከአቅራቢ ጋር ከመዋዋላችሁ በፊት የገበሬዎቹ ዝርዝር ከነመገኛ ነጥቡ እንዳለው ጠይቁ፤ ከሌለው ማን ልኬቱን እንደሚያስወስድና ወጪውን ማን እንደሚችል ውሉ ላይ ይጻፍ።