የእርዳታ ጨረታ፦ የጠራ ሁሉ ይከፍላል ወይስ ያሸነፈ ብቻ?

የጎንደር አንባቢዎቻችን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ዕድራችን ለአንዲት የኩላሊት ሕመምተኛ ጎረቤታችን ማሳከሚያ በአዳራሽ ጨረታ ሊያደርግ ነው። እኔ የማውቀው ጨረታ በጋዜጣ የሚወጣውን ብቻ ነው። ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ማስያዝ አለብኝ? ዋጋ ጠርቼ ሌላ ሰው ቢበልጠኝስ የጠራሁትን እከፍላለሁ? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ሲፒኦም የታሸገ ፖስታም አያስፈልግዎትም። የዕድርና የማኅበር ጨረታ በድምፅ ነው። አጫራቹ ዕቃውን ከፍ አድርጎ ያሳያል፣ መነሻውን ይናገራል፣ የፈለገ እጁን አውጥቶ ይጠራል። ሦስት ጊዜ ተጠይቆ የሚጨምር ከጠፋ ዕቃው የመጨረሻው ጠሪ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ግን ብዙ ሰው ሳይጠይቀው ገብቶ የሚቀየምበት ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። በእኛ አገር ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። በአንደኛው የሚከፍለው ያሸነፈው ብቻ ነው። በሌላኛው የጠራ ሁሉ የጨመረውን ይከፍላል፤ ዕቃውን ግን የሚወስደው መጨረሻ ላይ የጨመረው ነው።

አንድ ድፎ ዳቦ በ500 ብር ተነሣ እንበል። የመጀመሪያው ሰው 500 ጠራ። ሁለተኛው 200፣ ሦስተኛው 300፣ አራተኛው 500 ጨመሩ፤ ዋጋው 1,500 ደረሰ። አሸናፊው ብቻ በሚከፍልበት ጨረታ አራተኛው ሰው 1,500 ብር ከፍሎ ዳቦውን ይዞ ይሄዳል፤ ሌሎቹ ምንም የለባቸውም። ሁሉም በሚከፍልበት ግን አራተኛው 500 ብቻ ከፍሎ ይወስዳል፤ የቀረው 1,000 ከሦስቱ ይሰበሰባል። ለታማሚዋ የሚደርሰው ገንዘብ በሁለቱም እኩል ነው፤ የሚለየው ከማን ኪስ እንደሚወጣ ነው።

ስለዚህ አፍዎን ከመክፈትዎ በፊት «የሚከፍለው የጠራ ሁሉ ነው ወይስ ያሸነፈ?» ብለው አጫራቹን ይጠይቁ። አያሳፍርም፤ እንዲያውም አጠገብዎ የተቀመጠው ሰውም ሊጠይቅ ፈልጎ የፈራው ይሆናል። ቤትዎ ሳሉም ለዚያ ቀን የሚያወጡትን ቁርጥ አድርገው ይሂዱ። ጨረታው ሲሞቅና ስምዎ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ እዚያው መወሰን ይከብዳል። ሁሉም በሚከፍልበት ጨረታ ደግሞ በየዙሩ የጨመሩትን በወረቀት ላይ ይያዙ፤ ሦስት ጊዜ 300 የጨመረ ሰው ዕዳው 900 ነው፣ 300 አይደለም።

ጥያቄ፦ ባለፈው ጨረታችን በቃል የተጠራው ገንዘብ ብዙ ነበር፤ እጃችን የገባው ግን ግማሹ ነው። ሰው ከዳን ማለት ነው? (ከማራኪ፣ የዕድር ጸሐፊ)

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ የሚከዳው ሰው ሳይሆን አሰባሰቡ ነው። «ስንጨርስ ትከፍላላችሁ» ከተባለ የተወሰነው ሰው ታክሲ እንዳያመልጠው ቀድሞ ይወጣል። ማግስቱን ደግሞ ሙቀቱ ይበርዳል፣ መደወሉም ለሁለታችሁም ያሳፍራል። ገንዘቡ መሰብሰብ ያለበት ቀጣዩ ዕቃ መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት ነው።

ለዚህ ከአጫራቹ ሌላ አራት ሰው መድቡ። አንዱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይመዘግባል፤ የዕቃው ተራ ቁጥር፣ የጠሪው ስም፣ ስልክ፣ የጠራው፣ የከፈለው፣ የደረሰኝ ቁጥር። ሁለቱ ጠሪው ወደ ተቀመጠበት ሄደው ይቀበላሉ፤ ደረሰኙ ተከታታይ ቁጥር የታተመበትና በካርቦን ቀሪ ያለው ይሁን። አራተኛው ጥሬ ገንዘቡን ይይዛል። አጫራቹ ብር አይንካ። መጨረሻ ላይ ሦስት ሰዎች ቆጥረው ከመዝገቡ ጋር ያመሳክሩ፣ ቃለ ጉባኤ ይፈርሙ፣ ድምሩም ሰው ሳይበተን ይነገር።

በቴሌብር ወይም በባንክ የሚከፍል ሲኖር የከፋዩ ስልክ ላይ የሚታየው መልእክት አይበቃም። ተቀናብሮ የተሠራ የክፍያ ምስል ብዙ ሰው አታሏል፤ ደግሞም ቅን ሰው ራሱ አንድ አሃዝ ተሳስቶ ለሌላ ሰው ሊልክ ይችላል። ደረሰኝ የሚቆረጠው ገንዘቡ በዕድሩ ሒሳብ መግባቱ ሒሳቡን በሚያንቀሳቅሰው ሰው ስልክ ላይ ሲታይ ነው። የሒሳብ ቁጥሩን በትልቁ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቴሌብር በ*127# ስለሚሠራ ይህንንም አብራችሁ ጻፉ።

ጥያቄ፦ ምን ምን ዕቃ እናቅርብ? መነሻውስ ስንት ይሁን? አንድ አባት የቆየ የብራና መጽሐፍ እሰጣለሁ ብለውናል። (ከፒያሳ)

መልስ፦ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ዕቃ ይበቃል። አንዱ አራት ደቂቃ ቢወስድ አርባ ስምንት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሰው መነሣት ይጀምራል። ምርጡን ዕቃ መጨረሻ ላይ አታስቀምጡት፤ አዳራሹ ሞልቶ ሳለ አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ላይ ይውጣ።

መነሻው ከገበያው ዋጋ ሲሶ እስከ ግማሽ ይሁን። ገበያ ላይ 3,000 ብር የሚያወጣ ጋቢ ከሆነ ከ1,000 እስከ 1,500 አስነሡት። በሙሉ ዋጋው ከጀመራችሁ አዳራሹ ዝም ይላል፤ የመጀመሪያው ዕቃ ላይ የወደቀ ዝምታ ደግሞ እስከ መጨረሻው ይከተላችኋል። ትንሹ ጭማሪም አስቀድሞ ይታወቅ፤ ለጋቢው 100 ወይም 200። በአሥር ብር በአሥር ብር የሚሄድ ጨረታ አጫራቹንም ተጫራቹንም ያደክማል። ዋጋ እንዲያንር የራሳችሁን ሰው በሕዝቡ መሐል አታስቀምጡ። ማታለል ነው፤ ከታወቀ ደግሞ የሚቀጥለው ጥሪያችሁን ማንም አይሰማም።

በግ በቁሙ ሲሆን ጥሩ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ወስዶ እንደየእምነቱ ያርዳል፤ የታረደ ሥጋ ካቀረባችሁ ግን ግማሹን አዳራሽ ከጨረታው አስወጣችሁ። በዐቢይ ጾም መካከል በግ ማውጣት ዋጋውን መጣል ነው፤ ወደ ፋሲካው ሲቃረብ ይሻላል። የወለቃ ሸክላ ከሆነ ከእጅ ወደ እጅ አይዙር። አንድ ሰው ይዞ በየረድፉ ያሳይ፤ አፉ ትንሽ ከተሸረፈ ዋጋው ያበቃል። ሆቴል የአንድ ሌሊት ማረፊያ ከሰጣችሁ ለስንት ሰው እንደሆነ፣ ቁርስ መኖሩና የሚያበቃበት ቀን በማኅተም የተጻፈበት ወረቀት ተቀበሉ። በቃል የተሰጠ አልጋ ባለቤቱ ሳይኖር ሲቀርብ ጠብ ያመጣል።

የአባታችንን ልግስና አመስግኑ፤ ብራናውን ግን ለጨረታ አታውጡት። የቆየ ብራናና መስቀል በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚጠበቅ ቅርስ ሊሆን ይችላል፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። የገዛው ሰው ነገ ለማን እንደሚሸጠው ደግሞ አታውቁም። መጀመሪያ ለከተማው ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ይታይ። እሳቸው የግድ ይሁንልኝ ካሉ፣ በብራናው ውስጥ ሥዕል ካለ የአንዱን ፎቶ አሳትማችሁ በፍሬም አጫርቱ።

ጥያቄ፦ ያሸነፍኩትን ዳቦ እዚያው መልሼ ብሰጥ ነውር ነው? (ከአራዳ)

መልስ፦ ነውር የለውም፤ የተለመደ ነው፣ አንድ ዳቦ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሊሸጥ ይችላል። ብቻ መጀመሪያ ከፍለው ደረሰኝዎን ይያዙ፣ ከዚያ መልሰው ይስጡ። ከሦስት ዙር በኋላ ግን ዳቦው ተቆርሶ ለሕዝቡ ቢታደል ይሻላል፤ በልጦ የሚጠራ ሰው በዚያን ሰዓት እየሳሳ ይሄዳል።