አባባ ማሳ ላይ ስልክ ይዞ የሚዞረው ልጅ ምን ፈልጎ ነው?

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ሦስቱን መርጠናል። ጠያቂዎቹ በሙሉ የመሀል አዲስ አበባ ሰዎች ናቸው፤ የሚጠይቁት ግን ስለ እርሻ ነው። ያው ግማሽ ልባችን አገር ቤት አይደል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ጅማ አካባቢ ቡና አላቸው፤ ከአንድ ሄክታር ብዙም አይበልጥም። ሰሞኑን አንድ ወጣት መጥቶ ማሳቸው መሀል ስልኩን ይዞ ቆመ፣ ስማቸውን መዘገበና ሄደ። አባባ እንቅልፍ አጥተዋል። «ወይ መሬቴን ሊወስዱ ነው፣ ወይ ግብር ሊጨምሩብኝ ነው» ይላሉ። ምን ልበላቸው? (ሴት ልጃቸው፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጠርጠራቸው አይፈረድባቸውም። ግን ነገሩ ከአውሮፓ የመጣ ጣጣ ሳይሆን አይቀርም።

የአውሮፓ ኅብረት በ2023 (በፈረንጆቹ) አንድ ሕግ አውጥቷል። ቡናን ጨምሮ ሰባት ዓይነት ምርቶች ደን ተመንጥሮ የተመረቱ ከሆነ ገበያው ውስጥ አይገቡም። የተቆረጠው ቀን በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ነው፤ ከዚያ በኋላ ደን ተጨፍጭፎ የተተከለ ቡና አለቀለት። ስለዚህ ገዢው እያንዳንዱ ቡና ከየትኛው ማሳ እንደተለቀመ ማሳየት አለበት። የሕጉ መጀመሪያ ከአንዴም ሁለቴ ተራዝሟል፤ ላኪዎችና ዩኒየኖች ግን ቁጭ ብለው መጠበቅ አይችሉም፣ ገበሬው ብዙ ነው፣ ማሳው ደግሞ ትንንሽ ነው።

ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ የቡና ማሳ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ (ቦታው የት እንዳለ በሳተላይት የሚታወቅበት ቁጥር) ብቻ ይበቃል። ልጁ መሀል ላይ ቆሞ የሄደው ለዚህ ይመስለኛል። አንድ ነጥብ ደግሞ ማሳው የት እንዳለ እንጂ ምን ያህል እንደሚሰፋ አይናገርም፤ ለግብር መሬት የሚለካ ሰው ወሰኑን መዞር ነበረበት። የይዞታ መብታቸውም ያለው ደብተራቸው ላይ ነው፣ የሰው ስልክ ውስጥ አይደለም። ይህን ንገሪያቸው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ነጥቡ በትክክል ተወስዷል ወይ? ሕጉ በቦታው ቁጥር ላይ ከአስርዮሽ ነጥቡ በኋላ ቢያንስ 6 አሃዝ ይጠይቃል። አንዱ ሰነፍ መዝጋቢ ሁለት አሃዝ ብቻ ጽፎ ከሄደ ስህተቱ እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ አራት ኪሎ ያለሽውን ሰው ስድስት ኪሎ ናት እንደማለት ነው። አሃዙ ቢሞላም እንኳ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሥር ስልኩ ይሳሳታል። ሰማይ የሚታይበት ቦታ ቆሞ ትንሽ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ በካርታው ላይ ነጥቧን የከበበው ክብ እየጠበበ ሲመጣ ያኔ ነው የሚመዘገበው።

ሌላም አለ። የእኛ ቡና ጥላ ሥር ነው የሚበቅለው። ከላይ ለሚያይ ሳተላይት የጥላ ዛፍና ደን አንድ ሊመስሉት ይችላሉ። አባባ ያረጀ ጥላ ዛፍ ሲቆርጡ ደግሞ ደን የተመነጠረ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ዛፍ ከመቁረጣቸው በፊት የልማት ሠራተኛውን ያማክሩ፣ ከተቻለም ፎቶ ይነሳ።

አሁን ደውዪላቸው። ቡናቸውን የሚሸጡት ለማኅበር ከሆነ ማኅበሩን ይጠይቁ፤ ልጁን ማን ላከው፣ ለምን ሥራ? የማሳውን የጂፒኤስ ቁጥርም በወረቀት ጽፈው ይስጧቸውና ከደብተሩ ጋር ያስቀምጡት። አለበለዚያ መረጃው አንድ ገዢ እጅ ይቀራል፤ ከርሞ ለሌላ መሸጥ ሲፈልጉ እንደገና ከዜሮ መጀመር ነው። ማሳው የእሳቸው ሆኖ ቁጥሩ የሌላ ሰው የሚሆንበት ምክንያት አይገባኝም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ባሌ ውስጥ ስንዴ ያርሳል። ስማርት ስልክ ገዝቼ የእርሻ አፕ ጭኜ ልልክለት ስል ባለቤቴ «ብር አታባክን» አለችኝ። እናንተስ? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ከባለቤትህ ጋር ነኝ፣ ለጊዜው። መጀመሪያ ባለችው ስልክ ወደ ገበሬዎች የምክር መስመር፣ 8028 ላይ ይደውል። ነፃ ነው፣ ባለ ቁልፍ ስልክም ይበቃዋል፤ ቋንቋውን፣ ከዚያ ሰብሉን በቁጥር ይመርጣል፣ ስለ አዘራር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ተባይ በድምፅ ይነገረዋል። ማንበብ አይጠይቅም።

የተቀዳ ድምፅ ግን ማሳህን አያይም። ቅጠሉ ላይ ቢጫ ዋግ የሚሉት የስንዴ በሽታ ሲታይ ቀን መቁጠር ነው፤ ያኔ ፎቶ አንስቶ ለልማት ሠራተኛው በቴሌግራም መላክ ትልቅ ነገር ነው። ጎረቤት ውስጥ ስማርት ስልክ ያለው ልጅ ከሌለ ያን ጊዜ ግዛለት። ስትገዛ ከካሜራው በፊት ባትሪውን እይ፤ መብራት የሚመጣው ሲያሰኘው ነው።

ጥያቄ፦ ከውጭ ስመለስ መድኃኒት የሚረጭ ድሮን ይዤ ገብቼ ሥራ ልጀምር አስቤያለሁ። ያዋጣል? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ሻንጣ ውስጥ ከትተኸው እንዳትመጣ! ድሮን ለማስገባት አስቀድሞ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ ከሆነ ጉምሩክ ላይ ነው የምትለያዩት።

ሥራው ራሱ? ታንኩ ሞልቶ ሲበር ባትሪው የሚቆየው ደቂቃዎች ነው። ስለዚህ ብዙ ባትሪና ማሳው ዳር ጄኔሬተር ያስፈልግሃል። እዚህም እዚያም ለተበጣጠሰ ማሳ አያዋጣህም። ገበሬዎች ኩታ ገጠም አድርገው አንድ ዓይነት ስንዴ የዘሩበት ቦታ ከሆነ ግን ሌላ ወሬ ነው። ፈቃዱን ጨርስና ጻፍልን፣ ስለ ኪራዩ ያኔ እናሰላለን።